ደቡብ ዋልታ ሊከርም ለተነሣ ወንድምሽ

እኅቴ፣ አሜሪካ የሚኖረው የማሞቂያና የቧንቧ ባለሙያ ወንድምሽ በደቡብ ዋልታ የምርምር ጣቢያ ለመክረም ውል እንደቀረበለት፣ እናታችሁ ደግሞ «ልጄ በብርድ ሊያልቅ ነው» ብለው እህል አልቀምስም እንዳሉ ጽፈሽ፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው እንዲመክራችሁ ጠይቀሻል። እኔም እንደ እናንተ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነዋሪ ነኝ፤ ከአሥር ዓመት በፊት ግን በዚያው በአማንድሰን ስኮት ጣቢያ በወጥ ቤት ሠራተኛነት አንድ ክረምት ከርሜ ተመልሻለሁ። ክረምቱ ከእኛው ክረምት ጋር ይገጥማል፤ እኛ ሰኔና ሐምሌን በዝናብና በጭጋግ ስናሳልፍ እዚያ ጨለማው ይጸናል።

ለእናታችሁ አስቀድመሽ የምትነግሪያቸው ብርዱ እንደሚፈሩት አለመሆኑን ነው። እርግጥ በክረምት ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ የተለመደ ነው፤ በ1982 (ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) በሰኔ ወር ከዜሮ በታች 82.8 ተመዝግቧል። ሆኖም ሰው የሚኖረው በምሰሶዎች ላይ በቆመና ሌት ተቀን በሚሞቅ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ወደ ውጭ የሚወጣም ለብሶ፣ የተተከሉትን ባንዲራዎች መስመር ተከትሎ ይሄዳል። ከፍታው 2,835 ሜትር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 2,700 ያህሉ በረዶ ነው። በዚያ ያለው አየር ከቁጥሩ በላይ ስለሚሳሳ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንጦጦ ጫፍ ላይ ሲሮጡ እንደ መዋል ናቸው፤ ከባሕር ጠረፍ የመጡት ባልደረቦቼ በራስ ምታት ሲሰቃዩ እኔ ደህና ነበርኩ። ወንድምሽ ብዙ ዓመት በቆላ ከኖረ ግን በሱሉልታ ልጅነቱ አይመካ። እኔን ያስቸገረኝ ድርቀቱ ነበር፤ አፍንጫዬ ይደማል፣ ጣቶቼ ይሰነጠቃሉ። ውኃው በረዶ ቀልጦ የሚገኝ በመሆኑ ገላ መታጠብ የሚፈቀደው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለሁለት ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ይዤው በሄድኩት ጤፍ እንጀራ ጋግሬም ነበር፤ ገና ሳይቀርብ ድርቆሽ ሆነና ፍርፍር አድርገን በላነው።

ከባዱ ነገር የበሩ መዘጋት ነው። በየካቲት መጀመሪያ የመጨረሻው አውሮፕላን ይነሣል፤ ከዚያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ የሚመጣ የለም። በብርዱ ነዳጁና የማሽኑ ዘይት ስለሚረጋ አርባ ያህል ሰዎች ስምንት ወር ተዘግቶባቸው ይከርማሉ። በ1999 የጣቢያው ሐኪም ጄሪ ኒልሰን በገዛ ጡቷ ላይ እብጠት ባገኘች ጊዜ መድኃኒቱ በሐምሌ በዣንጥላ ተጣለላትና ራሷን እያከመች እስከ ጥቅምት ቆየች። በ2001 ሚያዝያና በ2016 ሰኔ ትንንሽ አውሮፕላኖች በጨለማው ወቅት ገብተው ሕሙማንን አውጥተዋል፤ ነገር ግን ይህ ከስንት አንዴ የሚሆን ነውና ማንም ተስፋ ሊጥልበት አይገባም። ስለዚህ ወንድምሽ በጤና ምርመራው ላይ ምንም እንዳይደብቅ፣ በተለይ ጥርሱን አስቀድሞ እንዲታከም ንገሪው።

ፀሐይዋ በመጋቢት አጋማሽ ገደማ ትጠልቅና በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል ትወጣለች፤ በዓመት አንድ ጊዜ ማለት ነው። ሰዓትን ከንጋት ጀምሮ ለሚቆጥር እንደኛ ላለ ሰው ይህ ግራ ያጋባል። ጣቢያው የሚመራው በኒውዚላንድ ሰዓት በመሆኑ የፍልሰታን ጾም የፈታሁት በኒውዚላንድ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ትክክል መሆኑን እስካሁን ቄስ አልጠየቅኩም። መስኮቶቹ ብርሃን ወጥቶ ቴሌስኮፖቹን እንዳያውክ ይሸፈናሉ። በነሐሴ የብዙዎቻችን እንቅልፍ ተዛብቶ ነበር፤ ዕቃ ቤት ገብቼ ምን ልወስድ እንደመጣሁ ጠፍቶኝ የቆምኩበት ቀን ብዙ ነው። ወንድምሽ በስልክ ቃል ቢጠፋው ወይም ቢነጫነጭ እናታችሁ አይደንግጡ፤ ሲመለስ ይለቀዋል።

ቡና ይዞ ይሂድ፤ ነገር ግን የተቆላ ይሁን። እዚያ ከምንም በላይ የሚፈራው እሳት ስለሆነ የቡና ቁሌት ጢስ የማንቂያውን ደወል ያስጮኸዋል። እኔ ያለ ዕጣንና ያለ ከሰል እሑድ እሑድ አፈላ ነበር፤ ሦስተኛውን ሳይጠጡ የሚነሡ አልነበሩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አባቴ ያረፉት እኔ እዚያ ሳለሁ፣ በሰኔ ነው። ቤተሰቤ ደበቁኝ። በየሳምንቱ፣ ሳተላይቱ ከአድማስ በላይ በሚሆንባቸው ጥቂት ሰዓታት ስደውል፣ እኅቴ አንዴ «ተኝቷል»፣ አንዴ «ጸበል ሄዷል» ትለኛለች። አልፈርድባትም፤ በእኛ ወግ መርዶ ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎች በር አንኳኩተው፣ ወዳጅ አጠገብ ተቀምጦ ይነገራል። ነገር ግን ደቡብ ዋልታ በር የሚያንኳኳ ሽማግሌ የለም፤ ጎሕም እስከ መስከረም አይቀድም። አርባው ከወጣ በኋላ አንድ የሰፈር ልጅ ፎቷቸውን ፌስቡክ ላይ አውጥቶ «ነፍስ ይማር» ሲል አየሁ። መሄድ አይቻልም፤ አውሮፕላን የሚመጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው። የማደርገው ቢጠፋኝ ንፍሮ ጣድኩ። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላው አልበስል ብሎ ብዙ ሰዓት ፈጀ፤ የጄኔሬተሩ መካኒክ ምንም ሳይጠይቅ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና እስኪበስል አብሮኝ ቆየ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ለአንድ ወር ከግማሽ ያህል «አባባን ሳሙልኝ» እያልኩ መክረሜ ነው።

ከባልደረቦቼ አንዱ በበኩሉ ከመሄዱ በፊት ለቤተሰቡ «እስክወጣ ድረስ ምንም ክፉ ነገር እንዳትነግሩኝ» ብሎ ጽፎ ሰጥቶ ነበር፤ ምርጫው ነው፤ አከበሩለት። ስለዚህ ከየካቲት በፊት ከወንድምሽ ጋር ተነጋገሩ፤ ክፉ ነገር ቢመጣ ይነገረው ወይስ ይቆይ፣ ማን ይንገረው፣ እዚያ ያለ የትኛው ባልደረባው አስቀድሞ ይወቅ። ሰዓቱንም አስቡ፤ ሱሉልታ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን እዚያ በክረምቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ባትኖርም ሰው የሚነሣበት ጊዜ ነውና ለዚህ ዓይነቱ ወሬ ከሌላው ይሻላል። እናታችሁ በተቀመጡበት እንዲህ ያለ ነገር ማንሣት ሟርት ይመስላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አንቺና እሱ ብቻችሁን ጨርሱት።

ሥራውን ከወደደው ይሂድ ባይ ነኝ። እናታችሁን በጽሑፍ ማሳመን አይቻልም፤ ከፈቀዱ ግን በመጪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከባለቤቴ ጋር ቤታችሁ እመጣለሁ። በመስከረም ፀሐይ ስትወጣ ያነሣኋቸው ፎቶግራፎች አሉኝ፤ እነሱን እያሳየኋቸው ቡና እንጠጣለን።