ሄድሴት ግዙ፣ ግን የተገኘውን ሁሉ አይደለም

ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህን አየሁት። ደብረ ማርቆስ ላይ ከጓደኛህ ጋር ሁለት ሥራ ልትጀምሩ ነው። አንዱ የቅኔ መምህራንን እያነጋገራችሁ የምታዘጋጁት ፖድካስት ነው። ሌላው እሁድ እሁድ የኳስ ጨዋታ በቀጥታ ማስተላለፍ። ገንዘባችሁ ብዙ አያፈናፍንም። «ሄድሴት ማይክ የጌም ተጫዋች ዕቃ ነው እያሉን ነው፤ የጠረጴዛ ማይክ ይሻለን ይሆን?» ነው ያልከው።

ሄድሴት፣ ማለትም ማዳመጫና በዘንግ ወደ አፍ የሚዘረጋ ማይክ አንድ ላይ ያለውን፣ ግዙ። ለኳሱማ ክርክርም የለው። ለፖድካስቱም ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ያዋጣል። እንግዶቹ ግን ሌላ መላ ይፈልጋሉ፤ እመጣበታለሁ።

ዋናው ነገር ርቀት ነው። ማይኩ ከአፍህ የሚርቅበት ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅህ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ይቀንሳል። የክፍሉ ማስተጋባት ግን ያው ባለበት ነው። ስለዚህ ከአፍህ 3 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ ሄድሴት 24 ሳንቲ ሜትር ላይ ካለ የጠረጴዛ ማይክ 18 ዴሲቤል ያህል ብልጫ አለው። ይህ ቀላል አይደለም። ስቱዲዮ ያለው ሰው ላይጨንቀው ይችላል። እኛ ግን የምንቀዳው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ባዶ ግድግዳ መሐል፣ ደጃፍ ላይ ባጃጅ እየተንጫጫ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ኮንደንሰር ማይክ (ረቂቅ ድምፅ ሳይቀር የሚይዝ ዓይነት) የጎረቤትን አውራ ዶሮ ሳይቀር ይቀዳልሃል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጣሪያውን እርሳው።

እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ድምፅ ላይ ሠርቼ አውቃለሁ። ፈረስ ይጋልባል፣ ሕዝብ ይጮኻል፣ ነፋሱ አያርፍም። አስተላላፊው ግልቢያውን ለማየት አንገቱን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ያዞራል። የቆመ ማይክ ቢሆን ግማሹ ቃል በሜዳ ይቀር ነበር። ሄድሴቱ ግን አብሮት ይዞራል። ሁለት እጁም ነፃ ነው፤ ወረቀት ይይዛል፣ ስልክ ያያል። ኳስም እንደዚያው ነው።

ስትገዛ «ዳይናሚክ» እና «ካርዲዮይድ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ፈልግ። ካርዲዮይድ ማለት በዋናነት ከፊቱ የሚመጣውን ድምፅ የሚይዝ ማይክ ነው። ዳይናሚኩ ሩቅ ያለውን ጫጫታ ብዙም አያነሳም፤ ፋንተም ፓወር የሚባለውን፣ በማይክ ኬብሉ የሚላከውን 48 ቮልትም አይፈልግም። የኦዲዮ ቴክኒካ ቢፒኤችኤስ 1 ለስፖርት አስተላላፊ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ማይኩ በኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግር የማይክ መሰኪያ)፣ ማዳመጫው በትልቁ ጃክ ይገባል። አቅም ካለ የሴንሃይዘር ኤችኤምዲ 26ም አለ። ለእናንተ ግን የመጀመሪያው ይበቃል። ማይኮቹን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ሳውንድ ካርድ ለእናንተ ሁለት የማይክ መግቢያ፣ እንግዳ ሲኖር ደግሞ ሦስተኛ ይኑረው፣ እያንዳንዳችሁም በየራሳችሁ ትራክ፣ ማለትም ለየብቻ፣ ተቀዱ። አንዱ ሲያስል የሌላው ንግግር አብሮ አይበላሽም።

ብሉቱዝ? አትድከም። ሙዚቃ ስትሰማበት ቆንጆ ነው። ማይኩ ሲከፈት ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ስልክ ጥሪ አሠራር ይወርዳል፤ ድምፁ በ8 ወይም በ16 ኪሎ ኸርዝ ብቻ (በሰከንድ 8 ሺህ ወይም 16 ሺህ ናሙና) ይቀዳል። ሲዲ 44.1 ኪሎ ኸርዝ መሆኑን አስብ። መዘግየቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የኮምፒውተሩ ርካሽ ሄድሴት ደግሞ ለሙከራ አይከፋም። የሚሠራው በጥቂት ቮልት ስለሆነ ግን በቅጥልጥል ኬብል 48 ቮልት እንዳትለቅበት፤ ሊቃጠል ይችላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋውን ልንገርህ። ማይኩን አፍህ ፊት ለፊት አታድርገው። የከንፈርህ ጥግ ላይ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ይቀመጥ። አፍንጫህ ሥር ካደረግኸው ትንፋሽህን ነው የምትቀዳው። ከዚያ «ፖሊስ፣ ፓርላማ፣ ፍርፍር» እያልክ ቅዳና አዳምጥ። «ፖ» እና «ፓ» ላይ ድምፁ ከፈነዳ ማይኩን ወደ ጉንጭህ ትንሽ ሳበው። ካርዲዮይድ ፊትና ጀርባ አለው፤ ዘንጉ ተጠማዞ ጀርባው ወደ አፍህ ከዞረ ድምፅህ ቀጭንና ሩቅ ይሆናል። ደግሞ ቡና! ስኒው ሲመጣ ሰው ዘንጉን ወደ ላይ ይገፋል፣ ጠጥቶ ሲጨርስ ሌላ ቦታ ይመልሰዋል። ማይኩ እንዲህ ቅርብ ስለሆነ ከ3 ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ እንኳ ድምፅህ ያው 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከቡና በፊትና በኋላ ያለው ድምፅህ የሁለት ሰው ይመስላል። እኔ ቡናውን ከቀረጻ በኋላ አደርገዋለሁ።

ወደ እንግዶቹ ልምጣ። የኔታ ጥምጣማቸውን አድርገው ይመጣሉ። ሄድሴቱን በየት በኩል ታደርግላቸዋለህ? አውልቁ ማለትም አይሆንም፣ ነውር ነው። ጆሮው ተደፍኖ የራሱን ድምፅ ሲሰማ የሚደነግጥ እንግዳም ብዙ ነው። ለእነሱ አንድ የእጅ ዳይናሚክ ማይክ በአጭር ማቆሚያ አቅርቡ። ሹር ኤስኤም 58 ከ1966 ጀምሮ እየተሸጠ ያለው ወዶ አይደለም፤ ጠንካራ ነው፤ ሐሰተኛው ግን ገበያ ላይ ሞልቷል። የኔታ አንገታቸውን ሲያዞሩ ማይኩን የሚያስጠጋ ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ። ከጀርባቸው ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ብዙ ያግዛል።

ቪዲዮም ካላችሁ ሄድሴቱ ፊት ላይ ይታያል። እኔ ቅር አይለኝም፤ የሚያስጠላው አድማጭ ግን አለ።

መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ከተነሳ ላፕቶፑን ከቻርጀር ንቀሉት። «ሚም» የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚያ ነው። የማይኩን ስፖንጅ ደግሞ ለየሰው ለየብቻ አድርጉ፤ እጥበት ይችላል፣ ሳይደርቅ ግን አትመልሱት።

ሳውንድ ካርድ ካላችሁ ስሙን እዚህ ጻፍልኝ። አንዳንዱ ርካሽ ካርድ ለዳይናሚክ ጌይኑን (የማይኩን ድምፅ ማጉያውን) ጥግ ድረስ ሲከፍቱት «ሽሽ» የሚል ድምፅ ያመጣብናል፤ ሄድሴቱን ሳትገዙ እሱን እንይ።