ማይክ ካልከፈትኩ መቅዳት ይፈቀድልኛል?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት በሂሳብ ሠራተኝነት እሠራለሁ። የተወሰኑ ቀናት ከቤት ሆኜ ነው የምሠራው። አለቃችን በዙም ስብሰባ ላይ "እያመሻችሁ ጨርሱ፣ ትርፍ ሰዓቱ ይከፈላችኋል" ብሎን ነበር። አሁን ግን እንዲህ አላልኩም ብሎ ካደ። እኔ ስብሰባውን በራሴ ላፕቶፕ፣ ኦቢኤስ በሚባል የኮምፒውተርን ምስልና ድምፅ በሚቀዳ ፕሮግራም ቀድቼዋለሁ። ማይኩን ዘግቼ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚያልፈውን ድምፅ ብቻ ነው የያዝኩት። ችግሩ፣ መሀል ላይ ለትንሽ ጊዜ ተነስቼ ወጥቼ ነበር። ያን ጊዜ አለቃዬና ሌላ ኃላፊ ብቻቸውን ያወሩትም አብሮ ተቀድቷል። ጓደኛዬ "ማይክ ስላልተጠቀምሽ ሕግ አይነካሽም" አለችኝ። እውነት ነው? ቴሌግራም ላይ ብለቀውስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጓደኛዎ ያለችዎትን ብዙ ሰው ያምንበታል፤ ግን ትክክል አይደለም። ሕጉ ድምፁ በማይክ ገባ ወይስ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ተወሰደ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ንግግሩ የማን እንደነበር፣ እርስዎ በንግግሩ ውስጥ እንደነበሩና ቅጂውን ምን እንዳደረጉበት ነው።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 4 ሕገወጥ ጠለፋን ይከለክላል። ለሕዝብ ክፍት ያልሆነን የኮምፒውተር ዳታ ያለፈቃድ፣ ሆን ብሎ የጠለፈ ሰው እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። ጠለፋ ሲባል ደግሞ በወቅቱ ማዳመጥንም መቅዳትንም ይጨምራል። ኦቢኤስም ይሁን ሌላ ፕሮግራም ለውጥ የለውም። ከአዋጁ በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል።

እንግዲህ ቅጂዎን ለሁለት ከፍለን እንየው። አለቃዎ ስለ ትርፍ ሰዓት የተናገረው ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ነው። ተጋብዘው በገቡበት ስብሰባ ላይ ለእርስዎ የተነገረ ቃል ነው የያዙት። አዋጁ የንግግሩ ተሳታፊ ስለሚቀዳው ለይቶ አይናገርም። በእኔ እምነት ለራስ የተነገረን ቃል መያዝ ጠለፋ ሊባል አይገባም። ሆኖም የአንቀጹ አነጋገር ሰፊ ስለሆነ የድርጅቱ ጠበቃ ይህን ነጥብ ሊያነሳው ይችላል።

እኔን በጣም ያሳሰበኝ እርስዎ የሌሉበት ክፍል ነው። ሁለቱ ኃላፊዎች ያወሩት ለእርስዎ አይደለም። እዚያ ላይ ተሳታፊ ነበርኩ ማለት አይችሉም። ወንጀሉ ሆን ብሎ መሥራትን ስለሚጠይቅ፣ ቀረጻው መብራቱን ረስተው ከወጡ ጥሩ መከላከያ አለዎት። ነገር ግን ምን እንዳለበት እያወቁ ለባልደረባ ካሰሙት ወይም ከላኩት፣ ረስቼ ነው የሚለውን ማን ያምንዎታል? እባክዎ ያንን ክፍል ለማንም አያሰሙ። ቆርጠውም አይጣሉት። የተነካካ ፋይል ሙሉውን ቅጂ ጥርጣሬ ውስጥ ይከተዋል። ዋናው ፋይል እንዳለ ይቀመጥ፤ የሚያዩት እርስዎና ጠበቃዎ ብቻ ይሁኑ።

ስለ ማስረጃነቱ ደግሞ ብዙዎች ልብ የማይሉት ነገር አለ። ዙም የራስዎን ድምፅ መልሶ አያሰማዎትም። ስለዚህ ማይክ ዘግተው ሲቀዱ የእርስዎ ድምፅ በቅጂው ውስጥ የለም። "እስከ ስንት ሰዓት እንቆይ?" ብለው ጠይቀው ከነበረ ጥያቄው ጠፍቷል፤ የቀረው "እስክትጨርሱ" የሚለው መልስ ብቻ ነው። ዳኛው የሚሰሙት ግማሽ ንግግር ነው። አለቃዎም "ስለ ሌላ ሥራ ነው ያወራሁት" ለማለት በር ያገኛል። ቅጂውን የሚያቀርበው ሰው ደግሞ ትክክለኛነቱን የማስረዳት ሸክም አለበት። ስለዚህ የስብሰባውን የግብዣ ኢሜይል፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የነበሩትንም ሰዎች ዝርዝር ከቅጂው ጋር ይያዙ። ለመመስከር ፈቃደኛ የሆነ ባልደረባ ካለ ከማንኛውም ፋይል ይበልጣል።

ቅጂው ለምን እንደሚጠቅምዎት ልንገርዎ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ሰዓት የሚሠራው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ነው። ክርክሩ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ አለቃዎ አዟል ወይስ አላዘዘም? ትእዛዙ ከተረጋገጠ፣ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሠሩት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ ላይ በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75 ይባዛል። በሳምንት የዕረፍት ቀን የሠሩት እጥፍ ነው፤ በበዓል ቀን ደግሞ 2.5 ጊዜ። ደክመው የሠሩበት ገንዘብ ነውና አይተዉት።

ነገር ግን ቅጂው ላይ ብቻ አይንጠልጠሉ። ማታ የላኳቸው ኢሜይሎችና የሥራ ፋይሎች ሰዓታቸው ተመዝግቧል። ዛሬውኑ ለአለቃዎ በጽሑፍ ይጻፉለት፤ "በዚህ ቀን በነበረው ስብሰባ በታዘዝነው መሠረት ይህን ያህል ሰዓት ሠርቻለሁ፣ ክፍያው እንዲፈጸምልኝ እጠይቃለሁ" ይበሉ። የሚሰጥዎት መልስ ራሱ ማስረጃ ይሆናል። ዝም ቢልም መጠየቅዎ ተመዝግቦ ይቀራል።

ቴሌግራም ላይ መልቀቁን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 31 የምስጢር ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለጸሐፊው ፈቃድ እንዳያወጣው ይከለክላል። ሕጋዊ ጥቅም ካለው ግን ፍርድ ቤት እንዲያቀርበው ይፈቅድለታል። አንቀጹ ስለ ደብዳቤ ቢሆንም መንገዱን ያሳያል። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ፤ የሰው ድምፅ የግል ዳታ ነው። አንዴ ከለቀቁት ከሳሽነትዎ ቀርቶ ተከሳሽ ሊሆኑ ይችላሉ።

አሜሪካ ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። ሜሪላንድ ውስጥ የግል ንግግርን ለመቅዳት የሁሉም ተሳታፊ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቨርጂኒያ ላይ የአንዱ ተሳታፊ ፈቃድ ይበቃል። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ካለ አለቃው ጋር የሚያወራ ሰው ጠበቃ ሳያማክር እንዳይቀዳ።

ወደ እርስዎ ልመለስ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይሆናል። ጊዜው ለእያንዳንዱ ክፍያ ለየብቻው ስለሚቆጠር፣ መጀመሪያ የሚያመልጥዎ የቆየው ወር ነው። የዚያን ወር ክፍያ ቀን አሁኑኑ ይቁጠሩ፤ 6 ወሩ ሳይሞላም ክስዎን ያስገቡ።