አንዱ ዲስክ አይታይም፣ ሌላው ኮፒ መሃል ይጠፋል፦ ለደሴዋ እህታችን መልስ

ሰላም እህቴ። ሌላ ሰውም ሲያነበው እንዲገባው ጥያቄሽን በአጭሩ ላስቀምጠው። ደሴ ነሽ። ከወንድምሽ ጋር ለምትሠሩበት ፎቶ ቤት በአሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ኦፕን ሚዲያ ቮልት የሚባለውን የሰርቨር ሲስተም ጭነሽ የቤት ሰርቨር እየሠራሽ ነው። ሁለት ባለ 4 ቴራ ሃርድ ዲስክ አለሽ። አንደኛው ነጭ ሌብል ያለው፣ ነጋዴው ከኤክስተርናል አውጥቶ የሸጠልሽ ነው። የሠርግ ቪዲዮዎቹ ያሉት እሱ ላይ ነው። በዩኤስቢ ዶክ (ዲስክ ከውጭ በሚሰካበት ዕቃ) ላፕቶፕሽ ላይ ሲሰካ ይሠራል፣ ኬዙ ውስጥ ሲገባ ግን ባዮሱም (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) አያየውም። ሁለተኛው ባዶ ነው፤ ይታያል፣ ትልቅ ፋይል መገልበጥ ስትጀምሪ መሃል ላይ ይጠፋል። አንዱ ጓደኛሽ «ደሴ ከፍታ ስለሆነች ነው» አለሽ፣ ሌላው «ሁለቱንም ፎርማት አድርጊያቸው» አለሽ።

አብሽሪ። ከላክሻቸው ፎቶዎችና ከስማርት ሪፖርቱ (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት ከሚመዘግበው) እንዳየሁት ሁለቱም ዲስኮች የሞቱ አይመስለኝም። ፎርማት የሚባለውን ነገር ለጊዜው እርሺው። ዲስክ አልታይ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓወር ነው፣ ቀጥሎ ኬብል፣ ቀጥሎ ሴቲንግ። ዲስኩ ራሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ኮምቦልቻ ውስጥ ለፎቶ ቤቶችና ለሰው ቤት እንዲህ ዓይነት ሰርቨር ስሠራ ዓመታት ሆኖኛል። «ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚመጣልኝ ዲስክ ብዙው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ደህና ሆኖ ይገኛል።

ከነጩ እንጀምር። ከኤክስተርናል የወጣ፣ በዩኤስቢ የሚሠራ፣ ኬዝ ውስጥ ግን ድምፁ የሚጠፋ ዲስክ ሲባል ወዲያው የምጠረጥረው የሳታ ፓወር ሦስተኛዋን ፒን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሳታ ዲስኩ ኬዝ ውስጥ የሚሰካበት የመሰኪያ ዓይነት ነው፣ አንዱ ለዳታ አንዱ ለፓወር። የሳታ ፓወር መሰኪያ 15 ፒን አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ድሮ 3.3 ቮልት የሚያልፍባቸው ነበሩ። ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ግን በ12 እና በ5 ቮልት ስለሚሠራ 3.3ቱን አይፈልገውም። በኋላ የሳታ ደረጃው ሲሻሻል ለሦስተኛዋ ፒን ሌላ ሥራ ተሰጣት፤ ኤሌክትሪክ ካገኘች ዲስኩን ታጠፋዋለች። ይህ የታሰበው ለዳታ ሴንተር ነው፣ የተሰናከለን ዲስክ ከሩቅ አጥፍቶ ለማስነሳት። አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ይህን አያውቅም። እንደለመደው 3.3 ቮልቱን ይልካል፣ ዲስኩም ዝም ይላል። ዶክሽ ላይ የሚነሳው እዚያ 3.3 ስለማይደርሰው ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ ዲስኩን ሰኪ፣ ክዳኑን ሳትዘጊ አስነሺው። መዳፍሽን በስሱ ዲስኩ ላይ አሳርፊ። የሚዞር ዲስክ በእጅ ይታወቃል፤ ሲነሳ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ቀጭን ንዝረት ይቀራል። ምንም ካልተሰማሽ ጉዳዩ የፓወር ነው፣ ዳታ ኬብል ብትቀያይሪ ለውጥ የለውም። ከዚያ ወደ ሳታ ፓወሩ የሚገቡትን ሽቦዎች እዪ። ቢጫው 12 ቮልት ነው፣ ቀዩ 5፣ ጥቁሮቹ ግራውንድ፣ ብርቱካናማው 3.3። በላክሽው ፎቶ ላይ ብርቱካናማው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አንዱ መፍትሔ ፒኗን መሸፈን ነው። ሞባይል ጠጋኞች ቦርድ ሲያሞቁ የሚጠቀሙባት ቡናማ ቢጫ ቴፕ አለች፣ ካፕቶን ትባላለች። ፒያሳ ካሉት አንዱን ጠይቂ፣ ትንሽ ቆርጦ ይሰጥሻል። ዲስኩ ላይ ከዳታ መሰኪያው ጎን ጀምረሽ የፓወሩን ፒኖች ቁጠሪ፤ ሦስተኛዋ ናት። አንዷን ብቻ መሸፈን ካስቸገረሽ ሦስቱንም ብትሸፍኚ ችግር የለውም፣ ሁሉም የ3.3 መስመር ናቸው። በወረንጦ አድርገሽ በደንብ አጣብቂያት። ተራ የኤሌክትሪክ ፕላስተር አይሁን፣ ወፍራም ነው፣ ሲሞቅም ይንሸራተታል። ሌላው መንገድ ከሞሌክስ (ከድሮው የፓወር መሰኪያ) ወደ ሳታ የሚቀይር ኬብል ነው። ሞሌክስ አራት ሽቦ ብቻ ነው ያለው፣ 3.3 የለበትም። እዚህ ላይ ግን አደራ፦ የሳታው ጫፍ በቀለጠ ፕላስቲክ የተደፈነውን ርካሹን አትግዢ። ውስጡ ሽቦዎቹ ተነካክተው ሾርት አድርገው የተቃጠሉ አሉ። እያንዳንዱ ሽቦ ከኋላ ለየብቻው ሲገባ የሚታይበትን ምረጪ። እሱን ካጣሽ ቴፑ ይሻላል።

አሁን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። ዲስኩ ተነስቶ ከታየ በኋላ ሲስተሙ «ባዶ ነው» ወይም «ፎርማት ይደረግ» ሊልሽ ይችላል። እንዳትደነግጪ፣ እንዳትነኪውም። አንዳንድ የዩኤስቢ ዶክ ትላልቅ ዲስኮችን ለኮምፒውተሩ የሚያሳያቸው በ512 ባይት ሴክተር (ዲስኩ ዳታ የሚከፋፍልበት ትንሿ ክፍል) ሳይሆን በ4096 ነው። በእንዲህ ዓይነት ዶክ ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍፍል) ተሠርቶለት የተሞላ ዲስክ በቀጥታ ሳታ ላይ ሲሰካ የፓርቲሽኑ አድራሻ ስለሚዛባ አይነበብም። ፋይሉ ግን እዚያው አለ፣ ዶኩ ላይ ሲመለስ ይታያል። ስለዚህ ቴፕ ፍለጋ ከመውጣትሽ በፊት፣ ዛሬውኑ፣ በሚሠራው በዶኩ በኩል ቪዲዮዎቹን ሌላ ቦታ ገልብጫቸው። ሁለተኛው ዲስክ እስኪጣራ ድረስ እሱ ላይ አይሁን። ትርፍ ዲስክ ከሌለሽ ለሳምንት ያህል ተዋሺ። የሰው ሠርግ ነው፣ ድጋሚ አይቀረጽም።

ወደ ሁለተኛው እንምጣ። ስማርት ሪፖርቱ ብዙ ነገር ይናገራል። ቁጥር 5፣ ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ሴክተሮች፣ 0 ነው። ቁጥር 197፣ ለማንበብ ያስቸገሩና ገና ያልተወሰነባቸው፣ እሱም 0። ቁጥር 9፣ የሠራበት ሰዓት፣ 31,000 ገደማ። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው፤ ዲስኩ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ሌት ተቀን ሠርቷል ማለት ነው። ነጋዴው «ብዙም ያልተነካ» ብሎ ሸጦልሽ ከሆነ ዋጋው ላይ ሄደሽ መነጋገር ትችያለሽ። ግን ሰዓት ብቻውን ዲስክ አይገድልም። ዓይኔን የሳበው 199 ነው፦ 412። ይህ ቁጥር በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል መንገድ ላይ የተበላሸ ዳታን ነው የሚቆጥረው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብል ነው። ፎቶሽ ላይ ደግሞ ቀዩ ሳታ ኬብል ከዲስኩ እንደወጣ እጥፍ ብሎ የኬዙ የጎን ክዳን ተጭኖታል። ጫፉ ላይ የብረት መቆለፊያም የለውም። በዚያ ላይ ሁለቱም ዲስኮች ፓወር የሚወስዱት ከአንድ ስፕሊተር ነው።

መጀመሪያ ኬብሉን መቆለፊያ ባለው ቀይሪ፣ ሳይታጠፍ ሰፋ ብሎ ይዙር። ከዚያ 50 ጊጋ የሚሆን ፋይል ገልብጪና 199ን እንደገና እዪ። 412 ወደ ዜሮ አይመለስም፣ አትጠብቂ። እዚያው ከቆመና ዲስኩ ካልጠፋ ተፈቷል። 413 ካለ ፖርቱን ቀይሪና ድገሚ። ቁጥሩ ሳይጨምር ዲስኩ ከጠፋ ግን ፓወሩን ጠርጥሪ፣ ለየብቻ መስመር ስጫቸው። ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከ12 ቮልቱ 2 አምፔር አካባቢ ይስባል፤ ሁለቱ አብረው ሲነሱ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ይንገዳገዳል። ሁሉንም በአንድ ቀን አትቀያይሪ። አንድ ነገር ቀይረሽ ፈትሺ፣ ያለዚያ ችግሩ ቢጠፋ እንኳ የቱ እንደነበር አታውቂም፣ ሲመለስብሽ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። 5 ወይም 197 ከዜሮ መነሳት ከጀመሩ ግን ዲስኩን ለነጋዴው መልሺ፣ አትከራከሪለት።

ዲስኩ ሳይጠፋ ፍጥነቱ ብቻ ወርዶ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ሌላ ምክንያት አለ። ኤስኤምአር የሚባሉ ዲስኮች ላይ የዳታ መስመሮቹ የሚጻፉት እንደ ክዳን ቆርቆሮ ጫፍና ጫፋቸው ተደራርቦ ነው። አንዱን ለመቀየር ጎረቤቱንም እንደገና መጻፍ ግድ ይላል። ለማስቀመጫ ይሆናሉ፣ ለሬይድ (ዲስኮችን አጣምሮ ለማሠራት)፣ በተለይ ለዜድኤፍኤስ ፋይል ሲስተም፣ አልመክራቸውም። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለናስ (እንዳንቺው ላለ የኔትወርክ ማስቀመጫ) ከሚሸጣቸው ሬድ ዲስኮች ከ2 እስከ 6 ቴራ ያሉ አንዳንዶቹ ኤስኤምአር መሆናቸው ታውቆ ብዙ ሰው ተቆጥቶ ነበር። ያልተደራረቡት ሬድ ፕላስ የሚል ስም የወጣላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ስትገዢ ስሙን ብቻ አትመኚ፣ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን ከሌብሉ ላይ አንብበሽ ፈልጊው።

ስለ ከፍታው ጓደኛሽ ያለው ጭራሽ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ተራ ዲስክ ውስጥ ማንበቢያው ሄድ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው። ስለዚህ አምራቾቹ የከፍታ ገደብ ያስቀምጣሉ፣ ብዙዎቹ ላይ 3,048 ሜትር ይላል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ገደቡ ውስጥ ነሽ። ሂልየም ተሞልተው የታሸጉት ደግሞ የውጭውን አየር አይፈልጉም። ስስ አየር የሚጎዳሽ ሙቀት በደንብ ስለማይወስድ ነው። የደሴ ብርድ ያግዝሻል፣ ቢሆንም ዲስኮቹ ፊት ፋን ይኑር፣ በመካከላቸውም ክፍተት ተዪ። ከ45 ዲግሪ በታች ከሆኑ አትጨነቂ። እኔ ይልቅ እርጥበቱን ነው የምፈራልሽ። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ ብርድ ላይ የቆየ ዲስክ ሞቃት ክፍል ገብቶ ወዲያው አይሰካ፣ ውስጡ ላብ ይይዛል። አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ። በሐረጎ ጠመዝማዛ ይዘሽው ብትወርጂም በጨርቅ ተጠቅልሎ ጭንሽ ላይ ይሁን፣ የመኪናው ወለል ላይ አታስቀምጪው።

ሁለቱም በትክክል መታየት ሲጀምሩ ማዘጋጀቱ ይመጣል። ባዮስ ውስጥ የሳታ ሴቲንጉ ሬይድ የሚል ከሆነ ኤኤችሲአይ አድርጊው። ኦፕን ሚዲያ ቮልት አሮጌ ፓርቲሽን ያለበትን ዲስክ ለአዲስ ፋይል ሲስተም ምርጫ ውስጥ አያወጣውም፣ መጀመሪያ ዋይፕ መደረግ፣ ማለትም መጥፋት፣ አለበት። ብዙ ሰው «ዲስኩ ተደበቀብኝ» የሚለው እዚህ ጋ ነው። ዋይፕ ደግሞ ምሕረት የለውም። ሲስተሙ ዲስኮቹን ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ እያለ ይጠራቸዋል፣ ስሞቹ ግን ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ሊለዋወጡ ይችላሉ። እዚህ ኮምቦልቻ የማውቀው አንድ ፎቶ ቤት ትናንት ኤስዲቢ የነበረው ዛሬም ያው ነው ብሎ ዋይፕ አደረገና የጥር ሠርጎቹ በሙሉ ሄዱ። የሲሪያል ቁጥሩን የመጨረሻ አራት ሆሄ በወረቀት ፕላስተር ጽፈሽ ዲስኩ ጠርዝ ላይ ለጥፊ። ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር አመሳክረሽ ብቻ ተጫኚ። አንዱን ዋይፕ ስታደርጊ ሌላውን ንቀዪው፣ የተነቀለ ዲስክ በስሕተት አይጠፋም።

የፓርቲሽኑ ዓይነት ጂፒቲ ይሁን፣ አሮጌው ኤምቢአር ከ2 ቴራ ብዙም አያልፍም። 4 ቴራው 3.64 ብሎ ቢታይሽ ግን ማንም አልሰረቀሽም። ፋብሪካው በ1,000፣ ሲስተሙ በ1,024 ስለሚቆጥር ነው።

ሬይድ 1 (ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት ቅጂ የሚይዙበት) ላድርጋቸው ወይ ላልሽው፣ ለእናንተ ሥራ አይሆንም ባይ ነኝ። ሬይድ 1 አንዱ ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቆም ያደርጋል፣ በስሕተት የጠፋ ፎልደር ግን ከሁለቱም እኩል ይጠፋል። አንዱ ዋና ይሁን፣ ሌላው ላይ ሌሊት ሌሊት አርሲንክ በሚባለው የመገልበጫ ፕሮግራም ይገልበጥበት። ሦስተኛ ቅጂ ሌላ ቤት ይቀመጥ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ያለፉበትን ለምናውቅ ሰዎች፣ ሁሉንም አንድ ጣሪያ ሥር ማስቀመጥ ምን እንደሚያመጣ ላስረዳሽ አልሞክርም።

መብራቱን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ትንሽ ዩፒኤስ ግዢ፣ የዩኤስቢ ገመድ ያለውን። ሰርቨሩ ላይ ኤንዩቲ በሚባለው ዩፒኤስ መከታተያ ፕለጊን ሲታሰር፣ መብራት ሄዶ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት ይዘጋል። ስታብላይዘር ብቻውን ይህን አይሠራልሽም።

ቪዲዮዎቹን ገልብጠሽ ስትጨርሺ አዲሱን የ199 ቁጥርና የፓወር ሰፕላዩን የጎን ሌብል ፎቶ ላኪልኝ። በ12 ቮልት ስንት አምፔር እንደሚሰጥ አይቼ ሁለቱን ይችል እንደሆነ እነግርሻለሁ። ካፕቶኑን ደሴ ካጣሽው እኔ ጋ አለ፣ በደሴ ሚኒባስ ሾፌር እጅ እልክልሻለሁ።