ፊድ ሪደር ከዜና ብዛት ያሳርፋል?

ጥያቄ፦ ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ። ለሥራዬ ስል በርካታ ድረ ገጾችንና የቴሌግራም ቻናሎችን እከታተላለሁ፤ ማታ ስልኬን ሳስቀምጥ ግን አንዱንም በወጉ ያነበብኩ አይመስለኝም። በባልደረባዬ ምክር የድረ ገጾችን አዳዲስ ጽሑፎች በአንድ ቦታ የሚሰበስብ ፊድ ሪደር የተባለ መተግበሪያ ጀመርኩ፤ ብዙም ሳይቆይ ያልተነበበው ጽሑፍ ከሺህ አለፈ። ልቀጥልበት ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ይቀጥሉበት፤ ምንጮችዎን ግን እንደገና ይምረጡ። ፊድ ሪደር የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ1999 በተጀመረው አርኤስኤስ በተባለ አሠራር ሲሆን፣ የመረጧቸው ድረ ገጾች አዲስ ጽሑፍ ባወጡ ቁጥር እየሰበሰበ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድርልዎታል። ከፌስቡክ የሚለየው ትልቁ ነገር ምን እንደሚቀርብልዎ የሚወስኑት እርስዎ ራስዎ መሆንዎ ነው፤ እኔም ይህን መብት በቀላሉ አሳልፈው እንዲሰጡ አልመክርዎትም።

ሺውን ያመጡት ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት ምንጮች ናቸው። እንደ ቢቢሲ ያለ ትልቅ የዜና ተቋም በየቀኑ ብዙ ዜና ስለሚያወጣ፣ በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚጽፍ አንድ ተመራማሪ ያዘጋጀው ጥሩ ትንታኔ ከሥሩ ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ ትልልቆቹን ከዝርዝሩ ያውጧቸውና ጠዋት ፊት ገጻቸውን ይጎብኙ፤ እዚያ አዘጋጆቹ ዜናውን እንደ ክብደቱ አስቀምጠውታል። ፊድ ሪደሩን አልፎ አልፎ ለሚጽፉና ቢያመልጡዎት ለሚቆጩባቸው ይተዉት። የተከማቸውን በሙሉ እንደተነበበ የሚቆጥር ቁልፍ በአብዛኞቹ መተግበሪያዎች ላይ አለ፤ ዛሬውኑ ይጫኑት። በእርግጥ አስፈላጊ የሆነ ነገር ከባልደረባም ከአለቃም አፍ ዞሮ ይደርስዎታል።

የቴሌግራም ቻናሎች በራሳቸው አርኤስኤስ ስለማይሰጡ ለብቻቸው መያዝ አለባቸው፦ ድምፃቸውን ዘግተው ወደ ማኅደሩ ያስገቧቸው፣ ጊዜ ሲኖርዎትም ይክፈቷቸው። የአርኤስኤስ ምልክት በማያሳይ ድረ ገጽም ተስፋ አይቁረጡ፤ ዎርድፕሬስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተሠራ ከሆነ የድረ ገጹን አድራሻ ብቻ ፊድ ሪደሩ ውስጥ ቢያስገቡ አብዛኛውን ጊዜ የአርኤስኤስ ምንጩን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።

በመጨረሻም፣ የምንጮች ዝርዝርዎን ካስተካከሉ በኋላ ኦፒኤምኤል በሚባለው፣ ሌላ ፊድ ሪደርም ሊያነበው በሚችል ፋይል አውጥተው ያስቀምጡት። ብዙ ሰው ይጠቀምበት የነበረው ጉግል ሪደር የተባለው ፊድ ሪደር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ሲዘጋ፣ ዝርዝራቸውን አስቀድመው ያወጡ ተጠቃሚዎች እንደ ፊድሊ ወዳሉ አገልግሎቶች አዛውረው ንባባቸውን ቀጥለዋል።