እናቴ ነጋዴም ነበረች፣ ይሄ ይነበብ ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጇ። እናታችን ካረፈች ገና ሳምንቷ ነው፣ በመታሰቢያዋ ቀን የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ አንቺ ጻፊ ተብዬ ተቀምጫለሁ። አባታችን የሞተው ልጆች ሆነን ስለሆነ እማዬ ጨርቅ እየነገደች ነው ያሳደገችን፣ ኋላ ላይ ሱቋ ሰፍቶ ሠራተኞችም ቀጥራ ነበር፣ ጸሎቷን ደግሞ አንድም ቀን አታስታጉልም። ታላቅ ወንድሜ "የንግዱን ነገር ተይው፣ እምነቷንና ልጆቿን ጻፊ፣ ሰው ሞቶ ስለ ሱቅ አይወራም" ይላል። ታናሿ ደግሞ "ከባዶ ተነስታ ትልቅ ቢዝነስ የገነባች ጀግና" ተብሎ ደመቅ ብሎ ይጻፍ ባይ ናት። እኔ እስካሁን የተወለደችበትን ዓመት ብቻ ነው የጻፍኩት። ምን ይሻለኛል? (መሀለኛዋ ልጅ)

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍሷን ይማርልሽ፣ እናንተንም ያጽናችሁ። ሳልዞር ልንገርሽ፣ ወንድምሽ ተሳስቷል፣ ታናሽሽም ግማሹን ነው ያገኘችው። ንግዷን ካወጣሽው እኮ እምነቷ የተፈተነበትን ቦታ ነው አብረሽ የምታወጪው። ጸሎት ቤት ውስጥ ሁላችንም ጥሩ ሰው ነን (እዛ ሚዛን የሚቀሽብ አላየሁም)፣ ሱቅ ውስጥ ግን እንከን ያለበትን ጨርቅ ለማያውቅ ገዢ አሳይቶ መሸጥም ደብቆ መሸጥም አለ፣ ሠራተኛ ሲታመም ደሞዝ መቁረጥም አለመቁረጥም አለ፣ እናትሽ እነዚህ ላይ ምን ታደርግ እንደነበር ነው ሰው መስማት የሚፈልገው።

ለወንድምሽ መጽሐፈ ምሳሌ 31ን ከቁጥር 10 ጀምረሽ አንብቢለት። ግጥሙ 22 ቁጥር ነው፣ በዕብራይስጡ እያንዳንዱ በፊደላቸው ተራ ነው የሚጀምረው። ስለ ልባም ሴት ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ባልና ልጆቿ ነው፣ ግን ሴትየዋ እርሻ አይታ ትገዛለች (16)፣ ንግዷ መልካም እንደሆነ ታውቃለች (18)፣ ለድሃ እጇን ትዘረጋለች (20)፣ ልብስ ሠርታ ትሸጣለች፣ ለነጋዴም ድግ (የወገብ መታጠቂያ) ታስረክባለች (24)፣ እግዚአብሔርን የምትፈራ መሆኗ የሚመጣው ይሄ ሁሉ ከተነገረ በኋላ መጨረሻው ላይ ነው (30)። ሐዋርያት ሥራ 16 ላይ ያለችው ልድያም ከነሥራዋ ነው የተጻፈችው፣ ቀይ ሐር ሻጭ ተብላ፣ ከዛ ከነቤተሰቧ ተጠመቀች፣ ጳውሎስንና ጓደኞቹን ግድ ብላ ቤቷ አሳረፈች፣ ከእስር ሲወጡም የሄዱት እሷ ጋር ነው። ሱቅ ማንሳቱ ነውር ቢሆን ኖሮ ሉቃስ ዝም ብሎ "አንዲት አማኝ ሴት" ብሎ ያልፋት ነበር።

የታናሽሽ ችግር ሌላ ነው። "ከባዶ ተነስታ"፣ "ጀግና"፣ "ተምሳሌት" ምናምን የሚባለው ለማንም ይሆናል፣ ስም ቀይረሽ ነገ ለሌላ ሰው ልታነቢው ትችያለሽ። ሐዋርያት ሥራ 9 ላይ ጣቢታ ስትሞት ያለቀሱት መበለቶች እንዲህ ነበረች እንዲያ ነበረች እያሉ አልደረደሩም፣ ለጴጥሮስ የሰፋችላቸውን ልብስ አውጥተው ነው ያሳዩት። አንቺም ልብሱን አሳዪ።

እንዴት ካልሽኝ፣ ወረቀቱን አስቀምጪውና ስልክ አንሺ። የቆየ ሠራተኛዋን፣ የጎረቤት ሱቅ ባለቤትን፣ አብራት የምትጸልይ ጓደኛዋን ጠይቂ፣ ግን "እንዴት ነበረች?" ብለሽ አትጠይቂ፣ ሁሉም ደግ ነበረች ብሎ ይዘጋዋል። "አንድ ቀን ያደረገችውና እስከዛሬ ያልረሳኸው ምንድነው?" በይው። ከሚነግሩሽ ውስጥ ሦስት ብቻ ምረጪ፣ ሁለተኛ ሰው ጋር ሳታረጋግጪ ግን እንዳትጽፊው፣ እዛ የሚቀመጠው ሕዝብ ውስጥ ነገሩን በዓይኑ ያየ ሰው ይኖራላ። የረዳቻቸውን ሰዎች ስም አትጥሪ፣ ዱቤ የጻፈችበት ደብተር ቢገኝም እዛ ላይ ያለው ስም ማይክ ላይ አይወጣም፣ በሞቷ ቀን ሰው ማሳፈር ይሆናል።

አንድ የሚከብድ ነገር ልጨምር። ሱቅ ሰዓት ይበላል። ማታ ዘግታ ስትመጣ እናንተ ተኝታችሁ የነበረበት ጊዜ ካለ፣ የትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ አክስት ወይ ጎረቤት ትልክ ከነበረ፣ እሱን አትደብቂው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊው። ልጆቿን ሳትለይ ውላ ያደረች እናት አድርገሽ ብትስያት ወንድምሽ ራሱ አያምንሽም፣ እውነቱን ስትነግሪያቸው ግን ያኔ ምን ያህል እንደከፈለች ይገባቸዋል። ቁጡም ከነበረች "ቁጡ ነበረች" በይ፣ ሰው ፈገግ ይላል፣ ለቅሶ ላይ ያ ነውር አይደለም።

የተወለደችበትና ያረፈችበት ዓመት፣ የልጆች ስም፣ እነዚህ በአጭሩ ይግቡ፣ ጠቅላላው ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። የማንበቡን ነገር ለወንድምሽ ስጪው፣ ጮክ ብሎ ለልምምድ ሲያነበው የሚከራከርበት ቃል የቱ እንደሆነ ራሱ ይነግርሻል፣ ያኔ ታስተካክሉታላችሁ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዐለይኩም። አክስቴ የታወቀች ነጋዴ ነበረች፣ አላህ ይዘንላት። ቤተሰቡ በስሟ ሰደቃ ለማውጣት ብር እያዋጣ ነው፣ ነገር ግን ዕቃ ያቀርቡላት የነበሩ ሰዎች "ያልተከፈለን ሒሳብ አለ" እያሉ ነው። ሽማግሌዎቹ "ሰደቃው ይቅደም፣ ስሟ ነው" ይላሉ። (የወንድሟ ልጅ)

መልስ፦ ወዐለይኩሙሰላም ወንድሜ። ዕዳው ይቅደም። ቁርኣን ውስጥ ሱረቱ አን-ኒሳእ 4፡11 ላይ ውርስ ራሱ የሚከፋፈለው ከኑዛዜና ከዕዳ በኋላ ነው፣ ሽማግሌዎቹም ይሄን ያጡታል ብዬ አላስብም፣ ሐዘን ነው ያጣደፋቸው። ስሟ ነው ካላችሁ ደግሞ የነጋዴ ስም ማለት ቃሏ ነው፣ አቅራቢው ያለ ገንዘብ ዕቃ የሰጣት እሱን አምኖ ነው።

ደረሰኙን፣ ስልኳ ላይ ያለውን መልእክት፣ የራሷን ደብተር አንድ ላይ አድርጋችሁ ከጠያቂዎቹ ጋር አመሳክሩ፣ ሌሎች ለሷ ያለባቸውንም አብራችሁ አውጡ፣ ምናልባት አንዱ ሌላውን ይሸፍናል። ስትከፍሉ አስፈርሙ።

ሰደቃው ላይ ስትደርሱ የነቢዩን የመጀመሪያ ሚስት የኸዲጃን (ረ.ዐ) ነገር አስቡ። የመካ ነጋዴ ነበረች፣ ሸቀጧን ወደ ሻም (የሶሪያ አካባቢ) የምትልክ፣ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ ያወቀቻቸውም በዚሁ ሥራ ነው፣ በሳቸው ቀድማ ያመነችውም ገንዘቧን ለእምነቱ ያዋለችውም እሷ ናት። ከሞተች በኋላ ነቢዩ በግ ሲያርዱ ከሥጋው ለኸዲጃ ጓደኞች ይልኩ እንደነበር ሌላዋ ሚስታቸው ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተናግራለች፣ የሐዲስ ስብስቡ ቡኻሪ ላይ አለ። ስለዚ የአክስትህን ጓደኞች ፈልጉ፣ በተለይ አብረዋት ሲነግዱ ኋላ የከሰሩትን፣ ማንም የማያስታውሳቸው እነሱ ናቸው። የክፍፍሉን ዝርዝር ዓሊም (የሃይማኖት ሊቅ) ጠይቁ፣ ያልተከፈለ የሠራተኛ ደሞዝ ካለ ግን እኔ ብሆን ከአቅራቢዎቹም በፊት እሱን ነበር የምከፍለው።