ስፖርተኛ ሲመራ፦ የዶክተር አሊ ባከር መንገድ

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስታዲየም አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር ቡና ስንጠጣ «ስፖርቱን ስፖርተኛው ይምራው» በሚለው ጉዳይ ተከራከርን። ኃይሌ ገብረሥላሴና ደራርቱ ቱሉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑን መምራታቸው ሲነሣ፣ አንዱ ጓደኛችን ደቡብ አፍሪካዊውን የክሪኬት (ኳስ በእንጨት ዱላ የሚመታበት የቡድን ጨዋታ) ሰው ዶክተር አሊ ባከርን ለአብነት ጠቀሰ። እኔ ስለ እኚህ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ከክፍለ ሀገር ተጫዋችነት ተነሥተው የአገራቸውን ክሪኬት እስከ መምራት እንዴት ደረሱ? ተጫዋች መሆናቸውስ ለአመራሩ ጠቀማቸው?
(አንባቢ፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጠቀሱት ሰው ታሪክ ለክርክራችሁ በእጅጉ የሚጠቅም ነው፤ ጓደኛዎ ከጠበቁት በላይ ግን ውስብስብ ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዶክተር ባከር በ1942 የተወለዱ ሐኪም ናቸው። በክሪኬት ስም ያተረፉት በጆሃንስበርግና በአካባቢው የነበረውን የትራንስቫል ክፍለ ሀገር ቡድን በአምበልነት በመምራት ነው። በአገሪቱ ክፍለ ሀገራቱ ለዋንጫ ይፎካከሩ ስለነበር፣ ይህ ኃላፊነት ገና በወጣትነታቸው ሰውን ማስተባበርንና ውሳኔ መስጠትን አስተምሯቸዋል። ለብሔራዊ ቡድኑ የተሰለፉት አምስት ቀን በሚፈጀው ታላቁ የክሪኬት ግጥሚያ 12 ጊዜ ብቻ ነው። ከእነዚህም በመጨረሻዎቹ አራቱ፣ በ1970፣ አምበል ሆነው አውስትራሊያን 4 ለ 0 አሸንፈዋል።

ያ ቡድን በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ብርቱ ነበር፤ ነገር ግን ነጮች ብቻ የሚሰለፉበት ቡድን ነበር። በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ ሊያደርገው የነበረው ጉዞ በእንግሊዝ በተቀሰቀሰው የፀረ አፓርታይድ ተቃውሞ ምክንያት ተሰረዘ፤ ቀጥሎም አውስትራሊያ በሯን ዘጋች። ደቡብ አፍሪካ ከዓለም ክሪኬት ለ20 ዓመታት ያህል ስትገለል፣ ባከር ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ የአምበልነታቸው ዓለም አቀፍ ዕድል ተቋረጠ።

ሕክምናን ትተው በ1980ዎቹ ወደ ክሪኬት አስተዳደር ገቡ፤ መጀመሪያ በዚያው በትራንስቫል፣ ኋላም በነጮቹ የአገር አቀፍ ማኅበር ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ጠንካራ የሥራ ሰው ነበሩ፤ ገንዘብ ማሰባሰብም ሰው ማሳመንም ይችሉበት ነበር። በሶዌቶና በሌሎች የጥቁሮች መንደሮች ለሕፃናት የክሪኬት ሥልጠና ያስጀመሩትም እሳቸው ናቸው። በሌላ በኩል ማዕቀቡን ጥሰው ለሚመጡ የውጭ ተጫዋቾች ብዙ ገንዘብ እየተከፈለ የሚደረጉ ጉብኝቶችን አዘጋጅተዋል፤ እዚህ ላይ መሳሳታቸውን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። በ1990 በእንግሊዛዊው ማይክ ጋቲንግ የተመራው ቡድን ሲመጣ በየከተማው ሰልፍና ቁጣ ጠበቀው፤ ጉብኝቱም ሳያልቅ ተቋረጠ። የሕዝቡ ቁጣ ይህን ያህል ጥልቅ መሆኑን አስቀድመው እንዳልተረዱ ኋላ ላይ ራሳቸው ተናግረዋል።

ለጥያቄዎ ዋናው መልስ ያለው እዚህ ነው። ባከር ጨዋታውን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ ተጫዋችነታቸው በሩን ከፍቶላቸዋል፣ ቃላቸውም በተጫዋቾች ዘንድ ይሰማ ነበር። ይሁን እንጂ የተጫወቱበት ሜዳ ብዙኃኑን የአገራቸውን ሰው ያገለለ ስለነበር፣ ሜዳው ሊያሳያቸው ያልቻለውን ነገር ከሜዳ ውጭ መማር ነበረባቸው፤ ተማሩትም። በ1991 ለዓመታት ማዕቀቡን ሲደግፍ ከነበረው ተቀናቃኝ ማኅበር ጋር፣ አፓርታይድን ሲታገል የኖረው ድርጅት የኤ ኤን ሲው ስቲቭ ሽዌቴ እያሸማገሉ፣ አንድ የጋራ ማኅበር ተመሠረተ፤ ባከርም የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ደቡብ አፍሪካ በዚያው ዓመት ወደ ዓለም ክሪኬት ተመልሳ በኅዳር ወር በህንድ ካልካታ ተጫወተች። በ2000 አምበሉ ሃንሲ ክሮንዬ ከቁማርተኞች ገንዘብ መቀበሉ ሲጋለጥ፣ መጀመሪያ የተከላከሉለት ባከር እውነቱን ለሕዝብ ማስታወቅ ግድ ሆነባቸው። የ2003ን የዓለም ዋንጫም በዋና ሥራ አስፈጻሚነት መርተዋል።

ከእኛ አገር ደግሞ ማነጻጸሪያው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ እንዲያውም ክርክራችሁ የሚካሄደው እሳቸው በ1962 (በእኛ 1954 ዓ.ም.) ብሔራዊ ቡድናችንን አሠልጥነው የአፍሪካ ዋንጫን ባስገኙበት ስታዲየም አቅራቢያ ነው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ለረጅም ዓመታት የተጫወቱት አቶ ይድነቃቸው ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን፣ ስፖርቱ በዘር ተከፋፍሎ ሳለ፣ ወጣት ነበሩ። ባከር በ1990 የተረዱትን እሳቸው በወጣትነታቸው ኖረውታል ብዬ አምናለሁ። በ1957 በካርቱም ካፍ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ ነጮችንና ጥቁሮችን ቀላቅላ ቡድን ለመላክ አሻፈረኝ ያለችው ደቡብ አፍሪካ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የታገደችውም ያኔ ነው። ከ1972 ጀምሮ እስከ ሕልፈታቸው፣ እስከ 1987 ድረስ፣ ካፍን በፕሬዚዳንትነት መሩ፤ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1976 ከአባልነት ያባረረውም በእሳቸው ዘመን ነው።

ስለዚህ ኃይሌንና ደራርቱን ስትመዝኑ ያገኙትን ሜዳሊያ ወደ ጎን አድርጋችሁ፣ ከአዲስ አበባ ርቆ የመሮጫ መም ለሌለው ወጣት በፌዴሬሽኑ ዘመናቸው ምን እንደ ሠሩለት ብትጠያየቁ ለክርክሩ የተሻለ መነሻ ይሆናችኋል።