ለመጀመሪያ ሶላራችሁ ባትሪና ኢንቨርተር፦ የጠየቃችሁኝ እና የመለስኩት

መብራት በጠፋ ቁጥር ስልኬ ይጮሃል። የሚደውለው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «ሶላር ላስገባ ነው፣ ምን ልግዛ?» ቤት ለቤት እየዞርኩ ስገጥም 9 ዓመት ሆነኝ። ለየአንዳንዱ ከምመልስ ጥያቄዎቹን ሰብስቤ እዚህ ልመልስ አልኩ። የዕቃ ስም አልጠራም። ዋጋም አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ያሳፍረኛል።

ጥያቄ (ከአያት)፦ ባለ 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር ልግዛ ወይስ ባለ 5? ባትሪውስ ስንት ይሁን? ከየት ልጀምር?

ከሱቅ አትጀምር፣ ወንድሜ። ከቤትህ ጀምር። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘህ ማታ ማታ ምን እንደሚበራ ጻፍ።

ሁለቱን ነገር ደግሞ አትደባልቅ። ባትሪ ማለት ሮቶ ነው፤ ስንት ሊትር እንደያዘ ነው ቁም ነገሩ። ኢንቨርተር፣ የባትሪውን ኤሌክትሪክ የቤት ዕቃ ወደሚሠራበት 220 ቮልት የሚቀይረው ዕቃ፣ ቧንቧው ነው፤ በአንድ ጊዜ ስንት ያወርዳል ነው ጥያቄው። ሮቶው ትልቅ፣ ቧንቧው ቀጭን ከሆነ ሻወሩና ልብስ ማጠቢያው አብረው አይሠሩም። ቧንቧው ወፍራም፣ ሮቶው ትንሽ ከሆነ ደግሞ ሳሙናውን ሳትለቃለቅ ውኃው ያልቃል።

የአንድ ደንበኛዬን ቤት ልንገርህ። ፍሪጅ በቀን 1200 ዋት ሰዓት ገደማ (ዋት ሰዓት ማለት ዋቱ በሚሠራበት ሰዓት ሲባዛ ነው)። ስድስት ባለ 9 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት፣ 270። ባለ 80 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት፣ 320። ዋይፋይ 10 ዋት ብቻ ነው፤ ግን ስለማይጠፋ በቀን 240። ላፕቶፕና ስልክ 170። ድምሩ 2200።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚረሳው አንድ በላተኛ አለ፤ ራሱ ኢንቨርተሩ። ባለ 5 ኪሎዋቱ ምንም ሳይሠራ ዝም ብሎ ተሰቅሎ እንኳ 50 ዋት ገደማ ይበላል። በ24 ሰዓት 1200። ሌላ ፍሪጅ ገዛህ ማለት ነው። እሱን ስትጨምር 3400 ደረስን።

አሁን ባትሪው። ባለ 51.2 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ሊትየም 5120 ዋት ሰዓት ይይዛል። 90 በመቶውን ተጠቀም፣ ኢንቨርተሩ ሲቀይር የሚያባክነውን 10 በመቶ ቀንስ፤ 4100 ገደማ ይቀርሃል። ፀሐይ ባትወጣ እንኳ አንድ ቀን ሙሉ ያቆይሃል።

በዚያ ቤት ሁሉም አንድ ላይ ቢበራ 400 ዋት አይሞላም። ፍሪጁ ሲነሳ ለአፍታ ብዙ እጥፍ ቢጎትትም ባለ 3 ኪሎዋት ይበቃዋል። የውኃ ፓምፕ ካለህ ግን ነገሩ ይለወጣል። ባለ 1 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲሄድ 1 ኪሎዋት ገደማ ቢወስድም ሲነሳ የዚያን 4 እና 5 እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል። ያኔ 5 ውሰድ። ካርቶኑ ላይ «ኬቪኤ» የሚል ካየህ ደግሞ ኪሎዋቱን ፈልግ፤ 5 ኬቪኤ ተብሎ 4 ኪሎዋት የሆነ ሞልቷል።

ጥያቄ (አንዲት እናት ከኮተቤ)፦ ልጄ፣ ይሄ ሶላር እንጀራ ይጋግራል?

እማማ፣ ይጋግራል፤ ግን ባያስጋግሩት ይሻላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። አንድ ሊጥ ጋግረው እስኪጨርሱ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ከላይ ያልኩትን ባትሪ ጠቅላላ በልቶት ይነሳል። ማታ በጨለማ ትኩስ እንጀራ ይበላሉ ማለት ነው።

እኔ ስገጥም ምጣዱን፣ ምድጃውንና ቦይለሩን ከሶላሩ አወጣቸዋለሁ። ቆጣሪው ጋ ሁለተኛ የብሬከር ሳጥን ይሠራል። አምፖል፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና ዋይፋይ ወደ አዲሱ ይዛወራሉ። ምጣዱ እዚያው የመንግሥት መብራት ላይ ይቀራል። ይሄን ሥራ ኤሌክትሪሺያኑ «አያስፈልግም» ካለዎት ኤሌክትሪሺያን ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ ጄል ባትሪ ረከሰልኝ። ሊትየም ያን ያህል ይለያል?

ይሄ ብዙ ጊዜ የምከራከርበት ነው። ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝር።

የጄል ባትሪ፣ ማለትም አሲዱ የረጋ የእርሳስ ባትሪ፣ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል። ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት የሆነው 2400 ዋት ሰዓት ይላል፤ ሳትጎዳው የምታወጣው 1200 ነው። አራቱን ብትደረድር 4800 ይሆናል። ያ ከአንድ ባለ 100 አምፔር የሊትየም ሳጥን ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድር አንድ ለአንድ አታወዳድር፤ አራት ጄል ከአንድ ሊትየም ጋር አስቀምጥ። ከዚያ ዕድሜውን ጨምርበት። ጄል በዚህ አያያዝ ሺህ ጊዜ ገደማ ሞልቶ ቢያልቅ ጥሩ ነው። ሊትየሙ፣ ማለትም ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት፣ ብዙ ሺህ ጊዜ ይሄዳል። በየቀኑ ለምትጠቀምበት ቤት እኔ ሊትየም ነው የምለው። በወር አንዴ ለሁለት ሰዓት መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ግን ጄል ምን አጠፋ?

ጄል ከገዛህ ሚዛን ይዘህ ሂድ። አልቀልድም። ውስጡ እርሳስ ነው፤ እርሳስ ደግሞ አይዋሽም። እውነተኛው ባለ 200 ከ55 እስከ 60 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ጊዜ ከደንበኛ ጋር ሄጄ ባትሪውን ብድግ ሳደርገው እንደ ጄሪካን ተነሳልኝ። ጎረቤት ካለው እህል ነጋዴ ሚዛን ለምነን ብናወጣው 34 ኪሎ። ስቲከሩ 200 ይላል። ሻጩ «አዲስ ቴክኖሎጂ ነው» አለን። አመስግነን ወጣን።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ሊትየም አግኝቼ ነበር። እንዴት ልፈትነው?

ሙሉ ቻርጅ አድርገህ የምታውቀውን ጭነት ስካለት፣ ሰዓት ያዝ። ባለ 5 ኪሎዋት ሰዓት የተባለው 500 ዋት ሲጎትቱት 9 ሰዓት ግድም መሄድ አለበት። በ4 ሰዓት ከዘጋ የገዛኸው ግማሽ ባትሪ ነው። ሻጩ ለዚህ ጊዜ ካልሰጠህ መልሱን ሰጥቶሃል።

ጥያቄ፦ ሁለት የመኪና ባትሪና አሮጌ ኢንቨርተር አለኝ። በዚያ ብጀምርስ?

እኔም በዚያው ነው የጀመርኩት፤ ስለዚህ አልስቅብህም። ባለ 12 ቮልት ኢንቨርተር ነበር፤ ሞገዱ ንጹህ ሳይን ያልሆነ፣ የተቆራረጠ። ፍሪጄ ሲነሳ እንደ ንብ ቀፎ ያጓራ ነበር። እኔ «ለምዶ ነው» እላለሁ። ባትሪዎቹን መኝታ ቤት ከአልጋው ጎን ደረደርኳቸው። አንድ ሌሊት የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ቀሰቀሰኝ። የአንደኛው ሆድ ተነፍቷል፤ እጄን ሳስጠጋ ይፋጃል። ዓመት አልሞሉም።

የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ እንዲሰጥ ነው የተሠራው። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲሰጥ አይደለም። ሲሞላ ደግሞ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ሰው የሚተኛበት ክፍል ቦታው አይደለም።

12 ቮልትንም ለቤት ተወው። 3000 ዋት በ12 ቮልት 250 አምፔር ነው፤ በ48 ቮልት 62 ገደማ። የመጀመሪያው የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ገመድ ይፈልጋል። ሰው ደግሞ ያን አይገዛም፤ ቀጭኑን ያስራል፣ ከዚያ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ለአምፖልና ለስልክ ብቻ ከሆነ 12 ቮልት አይጎዳህም።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ብርዱ ባትሪውን ይጎዳዋል?

ሊትየም ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖ መሞላት የለበትም። ደህናው ባትሪ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ራሱ እምቢ ይላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት ውጭ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አታስቀምጠው፤ ቤት ውስጥ ይሁን፣ በቃ። ድሬዳዋ ላሉት ደግሞ ጭንቀቱ ሌላ ነው። የአሲድና የጄል ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ደጋ ላይ ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። ብዙ የኢንቨርተር ማኑዋል ከ2000 ሜትር በላይ ሙሉ ጉልበቱን አትጠብቁ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ዕቃውን በደንብ አያበርደውም። አዲስ አበባም ከዚያ በላይ ናት፤ አንተ ደግሞ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ነህ። ስለዚህ ልክክ ያለ አትግዛ፤ አንድ ደረጃ ከፍ በል።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ ለእናቴ ከዚህ ገዝቼ ይዤ ብመጣስ?

ባትሪውን እርሺው፣ እህቴ። መንገደኛ ይዞ የሚበረው ሊትየም እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ አየር መንገዱ ሲፈቅድ እስከ 160። የቤት ባትሪ የዚያ 32 እጥፍ ነው። ከዱባይም ቢሆን ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

ኢንቨርተሩም ቢሆን እዚያ የሚሸጠው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው። የእናትሽ ቤት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ማኑዋሉ ላይ 220 ወይም 230 ቮልትና 50 ኸርዝ በግልጽ ካላየሽ አትክፈይ። ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል? ገንዘቡን ላኪና እዚሁ ይገዛ።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ተከራይ ነኝ። ጣሪያው የኔ አይደለም።

ፓናል የግድ አይደለም። ባትሪና ኢንቨርተር ብቻ ገጥመህ መብራት ሲመጣ ሙላው፣ ሲጠፋ ተጠቀም። ስትለቅ ይዘኸው ትሄዳለህ። ለዚህም ሊትየም ይሻላል፤ አንዱ ሳጥን ከ40 እስከ 50 ኪሎ ነው። አራት ጄል ግን 240 ኪሎ ገደማ ይመጣል፤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ስትሸከመው ታስታውሰኛለህ።

ጥያቄ፦ «ኦን ግሪድ» የሚባል ርካሽ ኢንቨርተር አሳዩኝ።

መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ እንዳይመታ ሆን ተብሎ እንደዚያ ነው የተሠራው። አንተ የምትፈልገው ባትሪ የሚቀበለውን፣ «ሃይብሪድ» ወይም «ኦፍ ግሪድ» የሚባለውን ነው።

ጥያቄ፦ ፓናሉስ ስንት ይሁን? ወዴትስ ይዙር?

ለዚያ ለ3400 ቤት አራት ባለ 550 ዋት እገጥማለሁ። በበጋ ከብክነቱ በኋላ በቀን 8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እኔ ግማሹን ነው የምቆጥረው። ያም ይበቃል።

ወደ ደቡብ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አዘንብለው። አንዳንዱ «ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ስትሄድ አይቻለሁ» ይለኛል። ልክ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ናት። ግን የዚያ ጊዜ እኩሌታው ደመና ነው። ማዘንበሉ ዋናው ጥቅሙ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ እንዲወስደው ነው።

ከመግዛትህ በፊት ኢንቨርተሩ የሚቀበለውን የፓናል ቮልት እይ። የአንዱ ፓናል ባዶ ቮልት (ምንም ሳይጭኑበት ያለው) 50 ገደማ ነው፤ አራቱ በተከታታይ 200። ከ120 በታች የማይነሳ ኢንቨርተር አለ፤ ከ145 በላይ ሲሰጡት የሚቃጠልም አለ። ጠዋት ሲበርድ ቮልቱ ከተጻፈው በላይ ይወጣል፤ ጠርዝ ላይ አታድርሰው። የፓናሉ ብሬከር ደግሞ የዲሲ ይሁን፤ ዲሲ ማለት ፓናልና ባትሪ የሚሰጡት፣ አቅጣጫውን የማይቀያይር ኤሌክትሪክ ነው። ለመብራት ኃይል መስመር የተሠራው ተራ ብሬከር የዲሲን ብልጭታ አያጠፋውም።

ጥያቄ፦ ሊትየም ነው ብለው ሸጡልኝ፤ ማታ 2 ሰዓት ሳይሞላ ይዘጋል። ተጭበረበርኩ?

ምናልባት አልተጭበረበርክም። ኢንቨርተሩ ላይ የባትሪ ዓይነት የሚለውን ክፈትና እይ። አሥር ቤት ብጠራ ሰባቱ ከፋብሪካ እንደመጣ የአሲድ ባትሪ ላይ ነው የማገኘው። ስለዚህ አይሞላውም፣ ቶሎም ይቆርጠዋል። ባለ 16 ሴል ከሆነ፣ ማለት 51.2 ቮልት የሚለው፣ መሙያውን 56 ግድም፣ መቁረጫውን 48 አድርገው። «ኢኳላይዜሽን» የሚለውን አጥፋው፤ እሱ የአሲድ ነገር ነው። በባትሪውና በኢንቨርተሩ መካከል ያለው የመረጃ ገመድ የኢንተርኔት ገመድ ይመስላል፤ ግን ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች አደራደር ይለያያል። ከሳጥኑ ጋር የመጣውን ተጠቀም፤ ከዋይፋይህ ነቅለህ አትሰካ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪናዬንስ በሱ ልሙላ?

ቀን፣ ፀሐይ እያለ፣ የተረፈውን። የበጋ ቀን ምርትህ ሁሉ ወደ መኪናው ቢሄድ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ያስነዳሃል። ማታ ከባትሪው አትሙላ።

ጥያቄ፦ ኢንቨርተሩን የት ልስቀለው? ሚስቴ ሳሎን አይሆንም አለች።

ልክ ናት። ማራገቢያው ሲነሳ ቴሌቪዥን አያሰማም። ዕቃ ቤት ስቀለው፤ በዙሪያው ቢያንስ ክንድ የሚያህል ባዶ ቦታ ተው፣ ከላዩ ጤፍ አትደርድር። ገመድ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ደግሞ ድፈናቸው። ባለፈው ክረምት አንድ ቤት ኢንቨርተሩ «ተቃጠለ» ተብዬ ሄጄ ከፈትኩት። ከሰሌዳው ላይ በጉጠት ያወጣሁት ጭራው የከሰለ እንሽላሊት ነበር።